ግሩፕ ለሚያሞቁም፣ ግሩፕ ውስጥ ዝም ለሚሉም

ባለፈው ኅዳር የአንድ የልጅነት ጓደኛዬ እናት አረፉ። ሥራ ይዞኝ ክፍለ ሀገር ስለነበርኩ ቀብር አልደረስኩም፤ ወሬውን የሰማሁት አብረን የተማርን ልጆች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሻማው ምስል፣ «ነፍስ ይማር»ው፣ «መጽናናቱን ይስጥህ»ው እየተደራረበ ወረደ። እኔ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ይህ ሁሉ ሰው ካለ በኋላ የእኔ ቃል ምን ይጨምራል ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩት። ግሩፑን ዘወትር የሚያሞቀው ጓደኛችን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ረጅም የሐዘን መልእክት ለጠፈ፣ መዋጮ አስተባበረ፣ የቀብሩን ሰዓት አሳወቀ።

ለፋሲካ ሰሞን ባለሐዘኑን አግኝቼው ቡና ስንጠጣ ያንን ሳምንት አነሳው። «ግሩፑ ላይ የተጻፈውን ያነበብኩት ከአርባው በኋላ ነው» አለኝ። «ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ማታ ማታ ስልኬን የማየው ለብቻዬ የጻፈልኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ነበር።» ለብቻው የጻፉለት ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔም፣ ተጫዋቹ ጓደኛችንም ከሦስቱ ውስጥ አልነበርንም።

ያ ንግግር ከውስጤ አልወጣም። ዝም ያልኩት እኔም፣ ብዙ የተናገረው እሱም አንድ ቦታ ላይ ስተናል። ግሩፕ ለማሳወቅና ለማስተባበር ይበጃል፤ የወዳጅነት ቦታው ግን የሁለት ሰዎች መስኮት ነው። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው በዚህ እምነት ነው። ለጭምቱም ለተጫዋቹም የሚሆን ነገር አለው፤ አንዳንዱ ለአንደኛው ብቻ ነው፣ የእርስዎ ያልሆነውን ይለፉት።

መጀመሪያ ራስዎን ይታዘቡ

ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት የሚሉት ቃላት በሰፊው የታወቁት ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ሰው ባሕርይ ዓይነቶች ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰዎቹን ግን እኛ ከቃሉ በፊት እናውቃቸዋለን። አንዱ ጭምት ነው፤ ሰርግ ቤት ጥግ ይዞ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወራ ያመሻል፣ ቤቱ ሲገባ ደክሞታል። ሌላው ተጫዋች ነው፤ ሰው በበዛ ቁጥር ይነቃል፣ ብቻውን የዋለ ቀን ይከፋዋል። አብዛኞቻችን በሁለቱ መካከል ነን፤ ወደ አንዱ ትንሽ እናዘነብላለን።

የትኛው እንደሆኑ ለማወቅ ፈተና መሙላት አያስፈልግዎትም። ለአንድ ሳምንት፣ ስልኩን ባስቀመጡ ቁጥር ሁለት ነገር በወረቀት ይጻፉ፦ ምን ሲያደርጉ እንደነበርና ምን እንደተሰማዎት። ከአንድ ሰው ጋር ሲጻጻፉ ነበር? ግሩፕ ውስጥ ነበሩ? ወይስ ዝም ብለው የሰው ፎቶና ቪዲዮ ሲያሳልፉ ነበር? ደከመዎት ወይስ ነቃ አሉ? በሰባተኛው ቀን ወረቀቱን ያንብቡት። እኔ እንዲህ ሳደርግ ያደከመኝ ሰው ሳይሆን ብዛት መሆኑን አየሁ። ከአንድ ወዳጅ ጋር አንድ ሰዓት ተጻጽፌ ቀለል ብሎኝ ስነሳ፣ ግሩፕ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ራሴን ያመኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ። ጭምትነትና ዓይን አፋርነት አንድ አይደሉም። ጭምት መጫወት ይችላል፣ ሲበዛበት ግን ይደክመዋል። ዓይን አፋር መጫወት ይፈልጋል፣ ግን ይፈራል። ተጫዋች የሚባል ሰውም ውስጡ ዓይን አፋር ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ ስልክ እስካለማንሳት፣ ሥራ እስካለማመልከት፣ ከሰው እስከመሸሽ ካደረሰና ለወራት ከቆየ ባሕርይ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ስልክ ብቻውን ጭምቱን አይረዳውም

ብዙ ጭምት ሰዎች «እኔ በአካል አልችልም፣ በጽሑፍ ግን እችላለሁ» ይላሉ። እውነት አለው። ይሁንና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፒትስበርግ ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ በ73 ቤቶች የሚኖሩ 169 ሰዎችን ኢንተርኔት በገባላቸው የመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ብዙ የተጠቀሙት ከቤተሰባቸው ጋር ማውራት መቀነሳቸውንና ብቸኝነታቸው መጨመሩን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ያ ጉዳት በአብዛኛው መጥፋቱን አስታወቁ። በአዲስ ተሳታፊዎች ላይ ያገኙት ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል፦ ተጫዋቾቹና ደጋፊ ወገን የነበራቸው ከኢንተርኔት ሲጠቀሙ፣ ጭምቶቹና ደጋፊ ያልነበራቸው ግን ባሰባቸው።

ያ ጥናት የተሠራው ፌስቡክም ቴሌግራምም ሳይኖሩ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ ዙሪያዬን ሳይ የማየው እሱኑ ነው። ተጫዋቹ ስልኩን ወዳጆቹን ለመጥራት ይጠቀምበታል። ጭምቱ፣ ካልተጠነቀቀ፣ የሌሎችን ሕይወት በመስኮት ሲያይ ያመሻል። ሰርጋቸውን አይቷል፣ ልጃቸው ክርስትና መነሳቱን ያውቃል፣ ቤት መቀየራቸውን ያውቃል። እነሱ ግን ስለ እሱ ምንም አያውቁም። ማየቱ እንደ መገናኘት ይሰማዋል፤ አልተገናኙም።

የአምስት ሰዎች ስም ይጻፉ

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባር አንድ ሰው በደንብ ሊያውቃቸውና ግንኙነቱን ጠብቆ ሊይዛቸው የሚችላቸው ሰዎች 150 ገደማ ናቸው ይላል፤ ከእነዚህ ውስጥ የልብ የሚባሉት አምስት ያህል ናቸው። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩ ሌሎች ተመራማሪዎች አሉ፤ ግምቱ ግን ለሥራችን ይበቃል። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ የዋትስአፕ ግሩፕ 1,024። የእኛ ልብ ግን እንደ ግሩፑ አልሰፋም።

ስለዚህ ወረቀት ላይ አምስት ስም ይጻፉ። በጨነቀዎት ሌሊት የሚደውሉላቸውን፣ ወይም ቢደውሉልዎ ሳይነጫነጩ የሚያነሱላቸውን። ከዚያ አጠገባቸው መጨረሻ ለብቻቸው የጻፉበትን ቀን ያስፍሩ። ስልኩ ራሱ ይነግርዎታል። ተጫዋች የሆኑ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ ይደነግጣሉ። በቀን መቶ መልእክት ይልካሉ፣ ከአምስቱ ለሁለቱ ግን ከመንፈቅ በላይ አልጻፉም። ጭምቶቹ ደግሞ ስሙን ለማግኘት አይቸገሩም፤ የሚቸገሩት ቀኑ ላይ ነው።

ግሩፖቹን ያስተካክሉ

ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ያሉበትን ግሩፕ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይዩና ሦስት ቦታ ይክፈሉት። የእድር፣ የቤተሰብ፣ የሥራ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ድምፃቸው ይሰማ፤ እነዚህን ማጥፋት ችግር ያመጣል። በሳምንት አንዴ ቢያዩአቸው የሚበቁትን ሚውት አድርገው አርካይቭ ውስጥ ይክተቱ። ሦስተኞቹ መቼ እንደገቡባቸው እንኳ የማያስታውሷቸው ናቸው፤ ከእነሱ ይውጡ። ዋትስአፕ ላይ ሲወጡ የሚነገረው ለአድሚኖቹ ብቻ ነው። የሚያውቁት ሰው ያቋቋመው ከሆነ ግን ከመውጣትዎ በፊት ለእሱ አንድ መስመር ይጻፉ፤ በእኛ አገር ሳይናገሩ መሄድ እንደ ቅያሜ ይቆጠራል።

በዋትስአፕም በቴሌግራምም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ፕራይቬሲ የሚለውን ሲከፍቱ፣ ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባዎት የሚችለው ማን እንደሆነ መወሰን ይቻላል። «ኮንታክት ውስጥ ያሉ ብቻ» ቢሉት ግማሹ ጫጫታ ይቀራል። ሰማያዊው የ«አንብቧል» ምልክት የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ዋትስአፕ ላይ ሊያጠፉት ይችላሉ። ያን ጊዜ እርስዎም የሌላውን አያዩም፤ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ምልክቱ እንዳለ ይቀጥላል።

አክስቴ በየማለዳው የአበባ ምስል ላይ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ጽሑፍ ለቤተሰብ ግሩፕ ትልካለች። ብዙ ዓመት ሳልከፍት አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ምስሉ ሳይመጣ ቀረ፤ በሦስት ሰዓት ሁላችንም እየደወልን ነበር። ደህና ነበረች፤ መብራት ጠፍቶ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ያን ቀን ገባኝ፤ ምስሉ «ዛሬም አለሁ» ማለቷ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ግሩፕ ሚውት ያድርጉ፣ ግን አይናቁት። በሳምንት አንዴ ለብቻዋ «የዛሬዋ አበባ ደስ ትላለች፣ እንዴት አደርሽ?» ብሎ መላክ ሰባት ቀን ግሩፕ ውስጥ የእጅ ምልክት ከመላክ ይበልጣል።

መልእክቱን እንዴት ይጻፉ?

የጭምት ሰው ትልቁ መሰናክል እዚህ ነው። ምን ብዬ ልጀምር? ከስንት ጊዜ በኋላ ብጽፍ ምን ይለኛል? ወዳጁ በበኩሉ «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጥቶ ሲጠፋ፣ መጥቶ ሲጠፋ ያያል፤ ከዚያ ምንም አይደርሰውም።

«ሰላም ነው?» ብቻ ብለው አይላኩ። የሚቀበለው ሰው «ሰላም፣ አንተስ?» ከማለት በቀር የሚይዘው ነገር የለም፤ ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው ብሎም ሊያስብ ይችላል። «ጠፋህ እኮ!»ም አይሁን። እኛ በፍቅር የምንለው ቢሆንም በጽሑፍ ሲነበብ ወቀሳ ይመስላል፤ የተወቀሰ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ምክንያት መደርደር አለበት። ለጭምት ሰው እንዲህ ዓይነት መልእክት መመለስ ዕዳ ነው።

ሦስት ነገር ይበቃል፦ አንድ ትዝታ፣ አንድ የተለየ ጥያቄ፣ አንድ ነፃነት። ለምሳሌ፦ «ዛሬ ዝናብ ሲይዘኝ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሦስት ሆነን በአንድ ጃንጥላ የሄድንበት ቀን ትዝ አለኝ። ያ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ሲመችህ መልስልኝ፣ አልቸኩልም።» ትዝታው ለምን ዛሬ እንደጻፉ ይናገራል። ጥያቄው የእሱን ነገር እንደሚያስታውሱ ያሳያል። የመጨረሻው ደግሞ ሸክሙን ያቀልለታል። ለታላቅ ከሆነ አንቱታውን አይዝለሉ፣ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይግቡ።

«ቢረበሽስ?» የሚለው ስጋት ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት፣ በተከታታይ ሙከራዎች ከ5,900 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ሰላምታ የሚልኩ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት ሲገምቱ ዝቅ አድርገው ነው። ሰላምታው ባልታሰበ ሰዓት በመጣ ቁጥር ደግሞ የተቀባዩ ደስታ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አልፏል ብለው አይቅሩ።

በሳምንት ከአምስቱ ለአንዱ ይጻፉ። ለጭምት ሰው ይህ ከአቅም በላይ አይደለም፤ በወር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያዳርሳል። የሚጽፉበት ሰዓት ለመላክ የማይመች ከሆነም በቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገው ሲይዙ መልእክቱ በሌላ ሰዓት እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። አእምሮዎ ንቁ በሆነበት ሌሊት ይጻፉ፣ ጠዋት ይድረሰው።

ተጫዋች ለሆኑት

እርስዎ ባይኖሩ ግሩፑ ይቀዘቅዛል። መዋጮ አይሰበሰብም፣ የተቸገረ አይታወቅም። ይህን ተሰጥኦ ማንም እንዲያሳንስብዎት አይፍቀዱ። ግን ጥቂት ልማድ ቢጨምሩበት ጭምት ወዳጆችዎ ይቀርቡዎታል።

«እገሌ ዛሬም ዝም ነው?» ብለው በግሩፕ ስም አይጥሩ። በሰው ፊት የተጠራ ጭምት ይብሱን ይሸሻል። ሐሳቡን ከፈለጉ ለብቻው ይጻፉለት፤ ብዙ ጊዜ አስቦ የቆየበትን ነገር ይነግርዎታል። ቪዲዮ ከመደወልዎ በፊት «ማታ ልደውል?» ብለው ይጠይቁ። ቮይስ ሲልኩ ዋናውን ጉዳይ መጀመሪያ ይናገሩ፤ የሰባት ደቂቃ ቮይስ የሚደርሰው ሰው ታክሲ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንብቦ ዝም ያለን ሰው ንቆኛል አይበሉ፤ መልሱን እያሰበበት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ቀን ይስጡት። የሌላውን ሰው ፎቶ ከመለጠፍዎ በፊት ደግሞ ያስፈቅዱ። ለእርስዎ ደስታ የሆነው ለእሱ ሳምንት ሙሉ ሰቀቀን ሊሆንበት ይችላል።

ከጽሑፍ ወደ ድምፅ

ጽሑፍ በር ነው፤ በር ላይ ቆሞ መቅረት አይገባም። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ የቆየ ወዳጃቸውን በስልክ ማናገር ያሳፍረናል ብለው የፈሩ ሰዎች፣ ከደወሉ በኋላ በኢሜይል ከተጻጻፉት ይልቅ መቀራረብ ተሰምቷቸዋል፤ የፈሩት ማፈርም አልበለጠባቸውም። ጭምት ከሆኑ ጊዜውን አስቀድመው ይወስኑ፦ «ምሳ ሰዓት ላይ ለአሥር ደቂቃ ልደውልልህ?» መጨረሻው የታወቀ ጨዋታ አያስፈራም። በአካልም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ ጸጥ ያለ ቡና ቤት። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ ጽሑፉን ትተው ድምፅዎን ይላኩላቸው። ደጋግመው ይሰሙታል።

ውጭ አገር ወዳጅ ካለዎት ሰዓቱን ያስቡ። ከሳውዲ፣ ከኩዌትና ከኳታር ጋር ሰዓታችን አንድ ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ግን ስልክ የምታገኘው ሥራዋን ጨርሳ ነውና የሚመቻትን ሰዓት እሷ ትንገርዎት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በክረምታቸው ቀትር ነው፤ በበጋቸው ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ያጥራል። ከዚያ ያለ ሰው እራቱን በልቶ አረፍ ብሎ ሲደውል እዚህ ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ስልክ ለእኛ አንድ ትርጉም ብቻ ስላለው፣ ግድ ሆኖ ከደወሉ የመጀመሪያው ቃልዎ «ለደህና ነው» ይሁን።

ስለ መርዶ

በዚህ ነገር ለሁለቱም ወገን እማጸናለሁ። መርዶ በእኛ ባህል በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሰውየው ጤንነት ታስቦ ይነገራል። ባሕር ማዶም ወገኖቻችን ይህን ጠብቀው በር አንኳኩተው ያረዳሉ። አሁን ግን ልጅ የእናቱን ሞት ሥራ ቦታ፣ ብቻውን ቆሞ፣ ከፌስቡክ ላይ እየሰማ ነው። ፎቶና ሻማ ከመለጠፍዎ በፊት ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ሰው ጠርተው «ሁሉም ተረድቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሳይረጋገጥ ግሩፕ ውስጥ የለጠፈ ካለ ለብቻው ነግረው ያስነሱት። አድሚን ከሆኑ ራስዎ ያንሱት።

ከዚያ በኋላ፣ ግሩፑ ላይ ቢጽፉም ባይጽፉም፣ ለባለሐዘኑ ለብቻው ይጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም። ሟቹን ካወቋቸው አንድ የሚያስታውሱትን ነገር ይጻፉ፦ «እናትህ ከትምህርት ቤት ስንመጣ ቆሎ በእፍኛቸው ይሰጡን ነበር፤ ሳልጠይቅ ሁለተኛ ይደግሙልኝ ነበር።» ቀኖቹንም በስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝግቡ፦ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን። ድንኳኑ ተነሥቶ ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ሲመለስ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጭምት ሰው የተመቸ ነው።

የቆሎውን መልእክት ለጓደኛዬ የጻፍኩት ቡና ከጠጣንበት ቀን ማግስት ነው፤ አምስት ወር ዘግይቶ። ቆሎውን እሱ ራሱ ረስቶት ነበር። የእናቱ ሙት ዓመት በመጪው ኅዳር ነው፤ ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ፣ ለተጫዋቹ ጓደኛችንም ቀኑን ለብቻው ልኬለታለሁ።